የቡታጅራ መዝጋቢዎችና የፋይዳ አሻራ

እ.ኤ.አ. በ1986 በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ፣ ከቡታጅራ ከተማ እስከ ዘቢዳር ተራራ ጥግና እስከ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ድረስ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዙ ወጣቶች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። የላካቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ነበር፤ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አግብቶ እንደወጣ፣ ማን ከሌላ ቀዬ እንደመጣ ተጻፈ። ወደ 28 ሺህ ሰው በመዝገቡ ገባ። መዝጋቢዎቹም አንዴ ጽፈው አልቀሩም፤ በየወሩ እየተመለሱ በእያንዳንዱ ቤት የሆነውን ለውጥ ይጽፉ ነበር። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለው ይኸው ነው። በአፍሪካ ለረጅም ዓመታት ሳይቋረጡ ከዘለቁ የሕዝብና የጤና መዝገቦች አንዱ ሆኗል።

ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገሪቱ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ከተካሄደ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ሁሉ ተፈላጊ ነበር። ቀበሌው ኮታ ይሰጠዋል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ይመጣል። እናት ልጇን ጎተራ ውስጥና ዘመድ ቤት የምትደብቅበት፣ ዕድሜውን ዝቅ አድርጋ የምትናገርበት ዘመን ነበር። መንደር ምሥረታውም ገበሬውን ከቀዬው እያነሣ በየቦታው ያሰፍር ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት ስንት ወንድ ልጅ አለ? ዕድሜው ስንት ነው?» ሲል፣ ቤተሰቡ የሚያስበው ነገር ግልጽ ነው። እንዲያ ያለ ዝርዝር ለአንድ ምልመላ ሹም ከወርቅ ይበልጥበታል።

ሰው ግን መለሰ። ያውም ለዓመታት። መንግሥት ሲወድቅ፣ ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ሲገባ፣ የገበሬ ማኅበራት ስምና ወሰን ሲለዋወጥ፣ የቡታጅራ መዝገብ አልቆመም፤ ከጤና ምርምር ወደ ሌላ ተግባርም አልዞረም። ደስታ ሻመቦ፣ የማነ ብርሃነና ሌሎች ተመራማሪዎች ሕፃናትን የሚገድለው ሳንባ ምችና ተቅማጥ መሆኑን፣ እናቶች በወሊድ ዙሪያ ምን እንደሚደርስባቸው ከዚህ መዝገብ ተነሥተው አሳዩ። የሞት ምስክር ወረቀት በማይታወቅበት ገጠር፣ ሟች በመጨረሻ ቀናቱ ያሳየውን ምልክት ከቤተሰቡ ጠይቆ የሞቱን ምክንያት መለየት እንደሚቻልም ቡታጅራ ካስተማሩ ቦታዎች አንዷ ናት።

ይህ እንዴት ሆነ? ተመራማሪዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ነበሩም። እኔ ግን ከቅንነቱ ይልቅ ሥራውን የያዘውን አሠራር ማየት የሚሻል ይመስለኛል። መዝጋቢዎቹ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ልጆች ናቸው፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ነገ ቢከዱ የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም። የሚጠየቀው ሰው ለምን እንደሚጠየቅ ይነገረዋል፤ እምቢ ማለትም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርምሩ በሰብሳቢዎቹ ፈቃድ ብቻ አይካሄድም። አዲስ ጥያቄ ለመጨመር ሲፈለግ የፋኩልቲውና የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ቀርቦላቸው «አይሆንም» ማለት ይችሉ ነበር። ሰብሳቢውን ራሱን እምቢ የሚል ሌላ አካል ነበረ።

የዚህ አሠራር ጥግ የታየው የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ባካሄደው የሴቶች ጤናና የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ላይ ነው። ኢትዮጵያን ወክላ የገባችው የቡታጅራ አካባቢ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3 ሺህ በላይ ሴቶች ባላቸው መትቷቸው እንደሆነ፣ አስገድዷቸው እንደሆነ ተጠየቁ። ጥያቄው እንዴት እንደቀረበ በቅርብ ማየት ይገባል። ጠያቂዋ ሴት ናት፤ ለዚሁ ሥራ ለሳምንታት የሠለጠነች። በሰፈሩ የሚነገረው የጥናቱ ስም «የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ» ነው እንጂ ስለ ጥቃት አይወራም። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለሁለተኛዋ ከተነገራት ወሬው ወደ ባል ሊደርስ ይችላልና። ሁለቱ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ባል ወይም አማት ድንገት ቢገባ ጠያቂዋ ወዲያው ወደ ሌላ የጤና ጉዳይ ትዞራለች፤ ወይም ታቆማለች። የተጠያቂዋ ስም ከመልሷ ጋር አይቀመጥም።

ከተጠየቁት ውስጥ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው በባል ወይም በፍቅር ጓደኛ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ፤ በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ለጎረቤት ያልነገሩትን፣ ለእናታቸው ያልነገሩትን ለማያውቋት ሴት የነገሩት መልሱ ተመልሶ እንደማይመታቸው ስላመኑ ነው። ዛሬ አሻራና የዓይን አይሪስ የሚሰበስቡ ሰዎች ከዚህ ጥናት የሚማሩት ብዙ አላቸው። እዚያ ጥያቄው ከመጻፉ በፊት «ይህ መልስ በተሳሳተ እጅ ቢገባ በዚህች ሴት ላይ ምን ይደርሳል?» ተብሎ ታሰበ፤ ከዚያ ሕጉ ተበጀ፤ መዝገቡ የተከፈተው በመጨረሻ ነው።

አገራችን የዚህን ተቃራኒም ታውቃለች። ሚያዝያ 1985 በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች መታወቂያ እያወጡ፣ እየተመዘገቡ ድምፅ ሰጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ከ57 ሺህ በላይ ሰው መርጧል። የያኔው የሽግግር መንግሥት ሕዝበ ውሳኔውን የተቀበለው፣ የተባበሩት መንግሥታት የታዘበው፣ ሰው በአደባባይ የተሰለፈበት ምዝገባ ነበር። ማንም ሰው ያኔ ሲመዘገብ «ይህ ወረቀት ከአምስት ዓመት በኋላ ከቤቴ ያስወጣኛል» ብሎ አላሰበም። ብዙዎቹ ከምርጫው በኋላም ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን ይዘው፣ እዚሁ ነግደው፣ እዚሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ኖሩ።

በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ፈነዳ። ሰኔ ላይ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸውን ሰዎች ከኢትዮጵያ ማባረር ተጀመረ። በሕዝበ ውሳኔው መመዝገብና መምረጥ ኢትዮጵያዊ ዜግነትን እንደመተው ማስረጃ ተቆጠረ። ሂውማን ራይትስ ዎች በኋላ ባወጣው ዘገባ የተባረሩትን ወደ 75 ሺህ ገምቷቸዋል። ሌሊት ከቤታቸው የተወሰዱ፣ ሱቃቸውን ያልዘጉ፣ ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት፣ ልጆች ከጎረቤት የቀሩበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ሄግ ላይ የተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ፣ በሕዝበ ውሳኔው የተሳተፉት የኤርትራን ዜግነት ቢያገኙም ኢትዮጵያዊነታቸውን ወዲያው አላጡም፤ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ። በጦርነቱ ጊዜ በደኅንነት ማጣሪያ ተለይተው የተባረሩትን በተመለከተ ለኢትዮጵያ ፈረደ፤ በሌሎች ቡድኖች ላይ የተወሰደውን ዜግነት የመንጠቅ እርምጃ ግን የዘፈቀደ ነው ብሎታል። እኔ የምጽፈው የዚያን ጦርነት ተጠያቂ ለመፈለግ አይደለም፤ አስመራም በበኩሏ ኢትዮጵያውያንን አስራለች፣ አባራለች። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። ለአንድ ዓላማ በፈቃድ የተሰጠ መረጃ፣ ሰብሳቢው በጎ ሆኖ የተቀበለው መረጃ፣ የፖለቲካው አየር ሲለወጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ዋለ። የሚከለክለው ሕግ አልነበረም፤ «ይህ መዝገብ ለዚህ አልተሰበሰበም» የሚል ዳኛም አልነበረም።

ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂየም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መታወቂያ ላይ የጻፈችው የጎሣ ስም እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው ሰው ለመለየት መዋሉን ማስታወስ እዚህ ላይ ይበቃል። ጻፊው ከሞተ በኋላም መዝገቡ ይኖራል።

አሁን ወደ ፋይዳ፣ ወደ ዲጂታል መታወቂያችን እንምጣ። በወልቂጤ፣ በጅማ መንገድ ዳር ባሉት ባንኮች፣ ወይም ቡታጅራ ገበያ አጠገብ፣ ቁጭ አድርጎ የሚመዘግብ ወጣት አለ። አሥር ጣት በመስታወት ላይ ይጫናል፣ ሁለቱም ዓይኖች ይነሣሉ፣ ፊት ፎቶ ይነሣል፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና አድራሻ ይሞላል። ከዚያ አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር በስልክ ይመጣል። ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ባንጋሎር ህንድ ውስጥ በተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ዓላማው 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው፤ የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 350 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶለታል። ከታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግድ ሆኗል፤ ብሔራዊ ባንክ ወደ ክልል ከተሞችም በደረጃ እንዲዳረስ ወስኗል።

ጥቅሙን አልክድም። ለጉራጌ ነጋዴ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ቤተሰቡ እዣ ወይም ቸሃ ያለ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት የሚገባ ሰው የትኛው ቀበሌ መታወቂያ እንደሚሰጠው ሲጨቃጨቅ ኖሯል። የቀበሌ መታወቂያ በአንድ ማህተም የሚሸጥ፣ በአንድ ሰው ስም ሁለት ሦስት የሚወጣ ነገር ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በክልሎች በቀበሌ መታወቂያው ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ይገኝ ነበር፤ ፋይዳ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። ይህ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያሰቡትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

አሻራ ግን ከስም የሚለየው ነገር አለ። በደርግ ዘመን የቡታጅራ እናት የልጇን ዕድሜ አሳስታ መናገር ትችል ነበር። በ1990 አንዳንዱ ሰው ሰፈር ለውጦ፣ ስሙን ለውጦ ከአፈሳው አምልጧል። የጣት አሻራ ይህን የመጨረሻ መሸሸጊያ ይዘጋል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አሥሩን ጣት ማን ይለውጣል? በቡታጅራው የሴቶች ጥናት ስም ከመልስ መለየቱ ነው ሁሉን ያዳነው። በባዮሜትሪክ ግን መዝገቡ ራሱ ሰውየው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 የአሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን ሲወጣ ለዓመታት መረጃ የሰበሰበባቸው የባዮሜትሪክ መሣሪያዎች ከፊሎቹ በታሊባን እጅ መግባታቸው ተዘግቧል። ለውጭ ድርጅት የሠሩ አፍጋናውያን ያኔ የተሰማቸውን ፍርሃት መገመት አያስቸግርም።

ሌላም አለ። የጉራጌ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ ኖራለች፤ ግንዱ በጣውላ ላይ ተጋድሞ፣ እግሯን አስደግፋ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየላገች ቆጮውን ታወጣለች። ጭማቂው፣ ውኃው፣ ጭረቱ። በእጁ ጉልበት የሚሠራ ሰው የጣቱ መስመር እንደሚደበዝዝ አሻራ አንባቢ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ህንድ ውስጥ አዳሃር በተባለው መታወቂያ ምክንያት አሻራቸው አልነበብ ብሎ የራሽን እህላቸውን ሳይወስዱ የተመለሱ ድሆች ብዙ ናቸው። ፋይዳ ዓይንንም ፊትንም ስለሚወስድ፣ አሻራ ላልሠራለት ሰውም በልዩ ሁኔታ የመመዝገቢያ መንገድ ስላለው ምዝገባው ላይ ችግሩ ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው ከምዝገባ በኋላ ነው፤ ባንኩ ወይም የእርዳታ ማከፋፈያው አሻራ አንባቢ ብቻ ይዞ ሲቀመጥ። ያኔ «ማሽኑ እምቢ አለ» ተብላ የምትመለስ እናት አቤት የምትልበት ሰው በስም መታወቅ አለበት።

ሕግ አለን። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ምን ምን እንደሚሰበሰብ ይዘረዝራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባዮሜትሪክን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልም ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ሊከበር እንደሚገባ ደንግጓል። በ1985 ሕዝበ ውሳኔውን የመዘገቡት ሰዎች እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከዚያ ዘመን ርቀን መጥተናል። የሚያሳስበኝ ጠባቂው ነው። አዋጅ 1321 የተቆጣጣሪነቱን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ፋይዳን የሚሰበስበውም፣ የሚቆጣጠረውም የአስፈጻሚው ክፍል ናቸው። ባለሥልጣኑ የቴሌኮም ገበያውን በመቆጣጠር የሠራውን ሥራ አላንኳስስም፤ ግን ሳፋሪኮምን መቅጣት አንድ ነገር ነው፣ ፖሊስን ወይም ደኅንነትን «ይህን አሻራ አትወስዱም» ማለት ሌላ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና ዕንባ ጠባቂ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ተደርገው የተቋቋሙት እኮ መንግሥትን ለመጠየቅ ከመንግሥት ጥላ መውጣት ስላስፈለገ ነው። የዳታ ተቆጣጣሪውም እዚያ መሆን ነበረበት።

የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎን ያውቃል። የባህል ሕጉ የቂጫ ፍርድ ዋጋ ያለው ባለጸጋውም ጀግናውም እዚያ ፊት ቀርቦ ስለሚዳኝ ነው። የዳታ ተቆጣጣሪም ዋጋ የሚኖረው መንግሥት ራሱ ፊቱ ሲቀርብ ነው።

መንግሥት በዳኛ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ኬንያ በቅርብ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁዱማ ናምባ በተባለ ዘመቻ ወደ 38 ሚሊዮን ሰው አሻራውንና ፎቶውን ሰጠ። የዳታ ጥበቃ ሕጉ የወጣው ምዝገባው ካለቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። በኬንያ መታወቂያ ለማግኘት ለትውልድ ሲንገላቱ የኖሩት ኑቢያኖች የመሠረቱት የመብት ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ክስ አቀረበ። የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ዲኤንኤ መሰብሰብን ከለከለ፣ የመኖሪያ ቦታን በጂፒኤስ መመዝገብንም ከለከለ፣ በቂ የሕግ ማዕቀፍ ሳይኖር ሥራው እንዳይቀጥል አዘዘ። ቢሆንም መንግሥት ካርድ ማደል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ፍርድ ቤቱ ዳግመኛ ገባ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሳይጠና የታደለው ካርድ ሕገ ወጥ ነው አለ። የኬንያ መንግሥት ከኛ የከፋ ወይም የተሻለ ስለሆነ አይደለም፤ ተመዝጋቢው የሚከስበት በር፣ ዳኛውም «አቁሙ» የሚልበት ልብ ስለነበረው ነው።

ለእኛ የሚቀረው ዝርዝር ሥራ ነው። ማንኛውም የምርመራ አካል ከፋይዳ ማዕከል የአንድን ሰው አሻራ ሲፈልግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ እንዲመጣ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «በሕግ መሠረት» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። ብሔራዊ ደኅንነት የሚለውም በር የሚከፈተው በዳኛ እጅ መሆን ይኖርበታል። የፋይዳ ማዕከሉን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተው የሚያሳይ መዝገብ ባለቤቱ በስልኩ ሊያየው ይገባል፤ ቴክኖሎጂው ይህን ማድረግ አይከብደውም። ባንክና ሆስፒታል ቁጥሩን ማረጋገጥ እንጂ አሻራውን ራሱን ማስቀረት እንዳይችሉ መከልከል አለበት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም፣ የቡታጅራን መዝገብ ያቆመው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ምርምር ከመጀመሩ በፊት አቁመው የሚመረምሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አሏቸው፤ የፋይዳ ተቆጣጣሪ ሲዋቀር ከእነዚህ ሰዎች መሃል፣ ከጠበቆችም፣ ከአካባቢ ሽማግሌዎችም ሰው ቢገባበት አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንም። ምክር ቤቱም በየዓመቱ፣ ስንት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው አሻራ ጠየቀ፣ ስንቱ ተፈቀደለት፣ ስንቱ ተከለከለ የሚል ዘገባ በይፋ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ዘገባ «የተከለከለ» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከመጣ፣ የምክር ቤቱ አባላት የተቆጣጣሪውን ኃላፊ ጠርተው ለምን እንደሆነ መጠየቅ የመጀመሪያ ሥራቸው ነው።